የሁለተኛው አዳራሽ ድምፅ

ጡረተኛው ፊውዝ ዓርብ ጠዋት ጆሮውን ሊታጠብ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሲመለስ፣ የሥራ ክፍሉን በር ከፈተና እግሩ ደፉ ላይ ቀረ። ጠረጴዛው ያበራል። የመስኮቱ መስታወት ተወልውሏል፤ ወለሉ ገና እርጥብ ነው። ከቁም ሣጥን መሳቢያ በገዛ እጁ የሠራው፣ ድምፅ የሚፈጥር የሲንተሳይዘር ሣጥን አቧራው ተራግፎ፣ ፎቶ ሊነሣ እንደ ተቀመጠ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሟል። አንዲት ኬብል እንኳ ግን አልተሰካበትም። አርባ ሦስቱም ተነቅለው፣ ተጠቅልለው፣ ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር ጋር በላስቲክ ታስረው ባዶ የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ተደርድረዋል።

«ማነው እዚህ የገባው?» ብሎ ጮኸ። መልሱን ያውቀዋል፤ በቤቱ ውስጥ ከእሱና ከልጁ በቀር ሰው የለም።

ልጁ እጇን በፎጣ እያደራረቀች መጣች። አርባ ዓመት ሊሞላት ነው። መድኃኒት ቤት ውስጥ መደርደሪያ ስታስተካክል የምትውል፣ የተዘበራረቀ ነገር ስታይ ጣቷን የሚበላት ሴት ናት። ገና ከበሩ ፈገግ ብላለች።

«አማረልህ አይደል አባዬ? ነገ ጋሼ ዘይቴ ሊሰናበቱህ ሲመጡ ቤቱ ሽቦ በሽቦ ሆኖ እንዳያዩብህ ብዬ ነው።»

«አማረልህ?» ፊውዝ ባርኔጣውን ወለሉ ላይ ወረወረው። «የሦስት ወር ሥራዬን ነቅለሽ ጥለሽ አማረልህ ትይኛለሽ?»

«መች ጣልኩት? ይኸው! አንዷም አልጠፋችም፤ ቆጥሬያቸዋለሁ።»

«ቆጥሬያቸዋለሁ ትላለች! ሰውዬውን ገድሎ፣ አጥንቱ አልጎደለም እንደማለት ነው'ኮ!»

የቁጣውን ልክ ለመረዳት መሣሪያውን ማወቅ ያስፈልጋል። ሞጁላር ሲንተሳይዘር የሚሉት ይህ ነገር እንደ ፒያኖ ሲነኩት የሚዘፍን አይደለም። ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ክፍሎች ለየብቻቸው ዲዳ ናቸው። አንዱ የኤሌክትሪክ ሞገድ ያመነጫል፤ ሌላው ሞገዱን ያጣራል፤ ሌላው እንደ በር ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ሌላው ጊዜ ይቆጥራል። ድምፅ የሚወለደው የአንዱ መውጫ ከሌላው መግቢያ ጋር በኬብል ሲገናኝ ነው። መሣሪያው በራሱ የሚያስታውሰው ነገር የለም። ኬብሉ ከተነቀለ፣ በየክፍሉ ላይ ያሉት ማዞሪያዎችም ከቦታቸው ከተነቃነቁ፣ ትናንት የነበረው ድምፅ ዛሬ የለም። ልጁ ደግሞ ስድሳ የሚሆኑትን ማዞሪያዎች አንድ በአንድ በእርጥብ ጨርቅ አሽታቸዋለች።

የጠፋውም እንዲያው ተራ ድምፅ አልነበረም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሁለተኛ የሽመና አዳራሽ ነበር።

ፊውዝ በዚያ ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ኖሯል። ቅጽል ስሙን ያወጡለትም እዚያው ናቸው፤ ትንሽ ነገር ሲበዛበት ጧ ብሎ ስለሚቃጠል። ስሙን ሲሰማ መጀመሪያ ተቆጣ፤ መቆጣቱ ስሙን እንደሚያጸናለት ሲገባው ግን ተወው። ፋብሪካው ከሦስት ዓመት በፊት ፈረሰ። ስድሳ አራት ማሽን በአንድ ጣሪያ ሥር ያገሣበት ቦታ ላይ ዛሬ መኪና ይቆምበታል። ድምፁን የቀዳው ሰው የለም። ማን ይቀዳዋል? እዚያ የሠራ ሁሉ በሥራ ሰዓቱ ሲረግመው የኖረ ድምፅ ነው።

የሲንተሳይዘር ትምህርቱን የጀመረው በንዴት ነው። ዜና እንዲያይበት ልጁ በሰጠችው ኮምፒውተር ላይ፣ አንዲት ወጣት ኬብል በሞላበት ሰሌዳ ፊት ተቀምጣ ስታስተምር አገኘ። የፋብሪካ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ መስሎት ጆሮውን አቀና። ልጅቷ «ቮልቴጅ እንደ ውኃ ይፈስሳል» ስትል ግን ደሙ ፈላ። ቮልቴጅ አይፈስስም! የሚፈስሰው ከረንት ነው፤ ቮልቴጅ ገፊው ነው። በአንድ ጣቱ ፊደል እየለቀመ ግማሽ ገጽ ተግሣጽ ጻፈላት። በማግስቱ መለሰችለት፦ «ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ተሳስቻለሁ፤ በሚቀጥለው ትምህርት አርመዋለሁ።» እውነትም በሰው ሁሉ ፊት አረመችው። ፊውዝ ጥፋቱን እንዲህ በቀላሉ ለሚያምን ሰው ምን እንደሚባል አያውቅም ነበርና ለትምህርቷ ተመዘገበ።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ከአሥራ አንድ ወጣቶች ጋር በስክሪን ይሰበሰባል። ወጣቶቹ ክፍሎቹን ተሠርተው የተዘጋጁትን ሲያስመጡ እሱ ከአሮጌ ራዲዮኖች ዕቃ እየፈታ፣ መነጽሩን በመነጽር ላይ ደርቦ፣ በካውያ እየበየደ ሠራቸው። ቶሎ የሚገባው ተማሪ ነበር። አንድ ትእዛዝ ብቻ ንቆ ተወ። አስተማሪዋ በየትምህርቱ መጨረሻ፣ «ከወንበራችሁ ከመነሣታችሁ በፊት አሰካኩን ሳሉት፤ ካልሆነ ፎቶ አንሡት» ትላለች። ፊውዝ ይህን ሲሰማ በአፍንጫው ይስቃል። አንድ ሙሉ ፋብሪካ በጭንቅላቱ ይዞ የኖረ ሰው አርባ ሦስት ሽቦ ሊስል ነው?

አሁን ካርቶኑ ውስጥ የተደረደሩትን ኬብሎች ሲያይ፣ የመጀመሪያዋን እንኳ የት እንደሚሰካት ጠፋው።

«ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?» አላት ልጁን።

«አትንኪ መቼ አልከኝ?»

«በዚህ ቤት የእኔ ሽቦ እንደማይነካ እናትሽ በሕይወት ከነበረችበት ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው!»

«እሱማ ካርድ ስለምትሰቅል ነበራ።» ልጁ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ትንሽ ልጅ ሆኜ፣ ራዲዮን ፈትተህ ስትሄድ እንኳ ያን ቀይ ካርድ ታንጠለጥልበት ነበር። 'አትንካ፣ ሰው እየሠራ ነው' የሚለውን። ካርዱ ካለ እኔም እማዬም አጠገቡ አንደርስም። ዛሬ ከመግባቴ በፊት በሩንም ሣጥኑንም አይቻለሁ። ካርድ የለም።»

«ሰቅያለሁ!»

«የታለ?»

«ሰቅያለሁ አልኩሽ! አንቺ ነሽ ያወለቅሽው!»

ልጁ ቀና ብላ አየችው። «እኔ ነኝ አውልቄ የምዋሽህ?» አለችና ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጥላ ወጣች። በሩን አልወረወረችውም፤ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። ያ ደግሞ ይብስ አናደደው።

ባርኔጣውን ለማንሣት ሲጎነበስ የኮቱ ደረት ኪስ ውስጥ አንድ ደረቅ ነገር ወጋው። እጁን ሰደደ። ቀዩ ካርድ ከነማንጠልጠያ ገመዱ ወጣ። ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ከነበረው መነጽሩ ጋር አብሮ አፍሶ ኪሱ ከትቶታል ማለት ነው።

ፊውዝ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ካርዱን የያዘው እጅ ሌባ ጣት ጫፍ የለውም። እስከ መጀመሪያው አንጓ ተቆርጧል።

ነገሩ የሆነው ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ነው። አሥራ አራት ቁጥር ማሽን ሞተሩ እየሞቀ አስቸገረና ፊውዝ ሥሩ ገብቶ ይፈታው ነበር። የአዳራሹ ዘይት ቀቢ፣ ሁሉም ዘይቴ የሚሉት ሰው፣ ከጀርባ መጣ። ማብሪያውን አየ፤ ካርድ አልተንጠለጠለበትም። ማሽኑን አስነሣው። ቀበቶው የፊውዝን ጣት ይዞ ሄደ። ዘይቴ በአለቆች ፊት ቆሞ «ካርድ አልነበረም» አለ። ማን ይመነው? የካርዱን ደንብ በፋብሪካው ያወጣው፣ በግድግዳው ላይ በትልልቅ ፊደል የጻፈው፣ ካርድ ሳይሰቅል የሠራን ሁሉ ሲያዋርድ የኖረው ፊውዝ ራሱ ነው። «ካርዱን አውልቆት ነው» ሲል የፊውዝ ቃል ታመነ። ዘይቴን ከአዳራሹ አውጥተው፣ የታሰረ ጥጥ እየተፈታ ወደሚበተንበት ክፍል ወረወሩት። ጡረታ እስኪወጣ እዚያው የጥጥ ብናኝ ሲውጥ ኖረ።

ፊውዝ በሦስተኛው ቀን ከሆስፒታል ሲወጣ ልብሱን ሰጡት። ካርዱ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ከነገመዱ። መልሶ ከተተው። «ሁለት ካርድ ይዤ ነበር ይሆናል» አለ ለራሱ፤ ይህንንም እያለ ሃያ ሁለት ዓመት ሞላው።

ሁለቱ ሰዎች አልተኳረፉም። በጡረተኞች ማኅበር አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፣ ይቃለዳሉ። ዘይቴ ስለዚያ ቀን አንሥቶ አያውቅም። ጥጡ ሳንባውን ጎዳው እንጂ፣ ከአዳራሹ በመውጣቱ ጆሮው ተርፎለታል። የፊውዝ ጆሮ ግን ቀጭን ድምፅ መስማት ካቆመ ቆየ። የሁለተኛውን አዳራሽ ድምፅ ሰምቶ «ይህ ነው» ወይም «ይህ አይደለም» ለማለት የሚችል አንድ ጆሮ ቢቀር የዘይቴ ነው። እሱም እሑድ ሌላ ከተማ ያለ የራሱ ልጅ ጋ ሊኖር ከተማውን ለቆ ይሄዳል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሊሰናበት ይመጣል። ፊውዝ ሦስት ወር የለፋው ለዚያች ከሰዓት ነበር። የተወሰደበትን አዳራሽ በድምፅ ሊመልስለት፣ አፉን ግን ሊቆጥብ።

ወደ ሳሎን ሄዶ ካርዱን ልጁ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ኪሴ ውስጥ ነበር» አለ፤ ቁጣው ከድምፁ አልወጣም።

ልጁ ካርዱን አየች። ከዚያ ጣቱን አየች። «ያኔስ አባዬ?» አለችው።

«ምን ያኔ?»

«ያኔም ኪስህ ውስጥ ነበር?»

«ዝም በይ!» አላት። ቤቱ ተናወጠ። «አንቺ ምን ታውቂያለሽና ነው የምትመረምሪኝ!» ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ። ቀኑን ሙሉ ኬብል ሲሰካና ሲነቅል ዋለ። የወጣለት የተበላሸ ማቀዝቀዣ ድምፅ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስክሪኑ ፊት ሲቀመጥ ገና አልበረደለትም ነበር። አስተማሪዋ ተራው ደርሶ ሥራውን እንዲያሰማ ጠየቀችው።

«ተነቅሏል» አለ።

«ሥዕሉስ ጋሼ?»

«አልሳልኩም።»

«አሥር ጊዜ ተናግሬያለሁ'ኮ።»

«አሥራ ሦስት ጊዜ» ብሎ አረማት።

ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ጸጉሩን ያቆመ ጎረምሳ፣ «ፋዘር ሜሞሪው ሞልቶባቸው ነው» አለና ሌሎቹ ሳቁ።

«ያንተ ምንም ስላልገባበት አይሞላም፤ አይዞህ» አለው ፊውዝ። ሳቁ ወደ ጎረምሳው ዞረ።

አስተማሪዋ አልሳቀችም። «ጋሼ፣ ኬብሎቹን ለማስታወስ አይድከሙ» አለችው። «ማሽኑን ያስታውሱ። ሲነሣ መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው ምንድነው?»

ፊውዝ ዓይኑን ከስክሪኑ ወደ ሣጥኑ አዞረ። መጀመሪያ ሞተሩ ነው። ወፍራም፣ ዝቅ ያለ ሞገድ፤ የመጀመሪያዋ ኬብል ከዚያ ትነሣለች። ከዚያ መወርወሪያው ክሩን ይዞ ከግራ ወደ ቀኝ ይበራል፤ እንደ ነፋስ ሽው የሚል፣ ተጣርቶ የሚከፈትና የሚዘጋ። ከዚያ ምቱ። «ደህና ሁኚ ልጄ» ብሎ ስክሪኑን ዘጋና ካርቶኑን ወደ ራሱ ሳበ። ምሳ አልበላም። ልጁ ሳህን ይዛ በሩን ብታንኳኳ «አልፈልግም!» አላት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አዳራሹ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ተነሥቶ ነበር።

ዘይቴ በትሩን እየጠቆመ፣ እያሳለ ገባ። ረጅም ቀጭን ሰው ነው፤ ኮቱ ትከሻው ላይ እንደ መስቀያ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ምነው ፊውዝ፣ በስተርጅና ስልክ ቤት ከፈትክ እንዴ?»

«ተቀመጥና አፍህን ዝጋ።»

«አዬ፣ እንግዳ አቀባበል!» ዘይቴ እየሳቀ ወደ ፊውዝ ልጅ ዞረ። «ልጄ፣ እንዴት ቻልሽው በናትሽ?»

«መች ቻልኩት ጋሼ» አለች ልጁ፤ ወንበር አቀረበችለትና ወደ ውስጥ ተመለሰች።

ፊውዝ ድምፁን ከፈተው። መጀመሪያ ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ሞተሩ መጣ፤ መወርወሪያዎቹ ሽው ሽው አሉ፤ ምቱ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደራረበ ክፍሉን ሞላው። ዘይቴ ሳቁን አቆመ። ዓይኑን ጨፈነ፣ ጭንቅላቱን ወደ ግራ አዘነበለ፤ ድሮ በማሽኖቹ መካከል ሲያልፍ የትኛው ዘይት እንደጠማው የሚለየው እንዲህ ነበር። እግሩ መምታት ጀመረ።

«ጉድ ነው» አለ ዘይቴ። «ጉድ ነው፤ አዳራሹ ነው'ኮ።» ከዚያ ግንባሩን ቋጠረ። «አሥራ አራት ቁጥር የለም።»

«ምን?»

«አሥራ አራት ቁጥር የለበትም። እሱ ያነክስ ነበር። ስድሳ ሦስቱ ሲሄዱ እሱ ብቻ ወደ ኋላ ይቀራል። የት ጣልከው?»

ፊውዝ ድምፁን መጀመሪያ ሲሠራውም፣ ከመነቀሉ በፊት፣ አሥራ አራት ቁጥርን አላስገባውም ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ዘልሎት ነው የኖረው።

«አልሰቀልኩትም» አለ።

«ምኑን?»

«ካርዱን። ኪሴ ውስጥ ነበር። ከሆስፒታል ስወጣ አገኘሁት።»

ዘይቴ ዓይኑን ገለጠ። አዳራሹ መጮኹን ቀጥሏል። «አጥፋው» አለ። ፊውዝ አጠፋው። ጸጥታው ውስጥ የዘይቴ ሳንባ ሲያፏጭ ይሰማል።

«ሃያ ሁለት ዓመት» አለ ዘይቴ። ድምፁ መጀመሪያ ቀጭን ነበር። «እኔ'ኮ ራሴን ተጠራጥሬ ነበር አንተ ሰውዬ! ዓይኔ ነው እንዴ ያታለለኝ እያልኩ! ሚስቴ እንኳ 'ምናልባት ሳታየው ቀርተህ ይሆናል' ብላኝ ሞተች። ሰማህ? እንደዚያ ብላኝ ነው የሞተችው!» በትሩን ወለሉ ላይ መታው። «አንድ አግዳሚ ላይ አጠገቤ ተቀምጠህ ስታስቀኝ የነበርከው ይህን ይዘህ ነው?»

«አዎ።»

«ለምን ዛሬ? ነገ ስለምሄድልህ ነው?»

«ይህን በድምፁ ልከፍልህ አስቤ ነበር» አለ ፊውዝ፤ ወደ ሣጥኑ እየጠቆመ። «ሳልናገር።»

«በሙዚቃ!» ዘይቴ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበትና ሁለት እጁን በትሩ ላይ ጭኖ እስኪያልፍለት ጠበቀ። ፊውዝ ውኃ ሊያቀብለው ሲነሣ «ተቀመጥ!» አለው። ከዚያ ወደ በሩ ተጣራ፦ «ልጄ! ነይ እስቲ!»

ልጁ መጣች።

«ንገራት» አለ ዘይቴ። «ጋሼ ዘይቴ ካርድ አውልቆ የአባትሽን ጣት አስቆረጠ ሲባል ስትሰማ ነው የኖረችው። ለእሷም ንገራት።»

ይህ ከመጀመሪያው የባሰ ከበደው። ፊውዝ ልጁን አላያትም፤ ያይ የነበረው የተወለወለውን መስኮት ነው። «እሳቸው ምንም አላጠፉም» አለ። «ካርድ አልነበረም። ትናንት አንቺን እንደከሰስኩሽ እሳቸውንም ያኔ ከሰስኳቸው። ሁለቴም ኪሴ ውስጥ ነበር።»

ልጁ ቀርባ የዘይቴን ክንድ ያዘች፤ አባቷን ሳይሆን የዘይቴን። ፊውዝ ያንን አየና ልክ ነች አለ በልቡ፤ ልክ በመሆኗም ተናደደ።

ዘይቴ ኮቱን አስተካክሎ ተነሣ። ፊውዝ እጁን ዘረጋ፤ ጫፉ የተቆረጠ ጣት ያለበትን። ዘይቴ እጁን አይቶ አልጨበጠውም።

«ይቅር ብዬሃለሁ እንድል አትጠብቅ» አለ። «ዛሬ አልልም። ነገም መኪና ውስጥ ሆኜ ስሰድብህ ነው የምውለው።»

«ስደበኝ።»

«ፈቃድህን አልጠየቅኩም!» ደፉ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ወደ ሣጥኑ ዞሮ፣ ድሮ በአዳራሹ ጩኸት መካከል ሲጣራ እንደነበረው አፉን ከፍቶ ተናገረ። «በየአራተኛው ምት ነው። አሥራ አራት ቁጥር የሚያነክሰው በየአራተኛው ምት ነው። አስገባው። ደግሞ ጻፈው፤ አንተ የምታስታውሰው የሚመችህን ነው!»

ልጁ እስከ መኪና መንገድ ልትሸኘው አብራው ወጣች። የበትሩ ኳኳታና ሳሉ በኮሪደሩ እየራቀ ሄደ።

ፊውዝ ከልጁ ደብተር አንድ ወረቀት ቀደደ። እርሳስ ፈልጎ ተቀመጠ። አርባ ሦስቱን ኬብሎች፣ ከየት ተነሥተው የት እንደሚገቡ፣ ስድሳውን ማዞሪያዎች፣ የትኛው ወዴት እንደዞረ፣ አንድ በአንድ ሳለ። መስመሮቹ አላማሩም። ሲጨርስ ቀዩን ካርድ ከሣጥኑ ላይኛ ጠርዝ አንጠለጠለው፤ ገመዱን ሁለቴ ቋጠረው።

ከዚያ ለአሥራ አራት ቁጥር የሚሆን አርባ አራተኛ ኬብል አነሣ። ድምፁን ከፈተና፣ በሚሻለው ጆሮው ወደ ሣጥኑ ተጠግቶ፣ ጥርሱን ነክሶ መቁጠር ጀመረ። አንድ። ሁለት። ሦስት።